ቆራሌው ሳይቀድመን

በዚህ ቡለቲን ላይ ስለ አክሱም ሐውልቶች፣ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ስለ ጎንደር ግንቦችና ስለ ሐረር ጀጎል ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል፤ ይጻፍም። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰ ነገር ነው። ስለ ጣሳ ነው። አዎ፣ ስለ ጣሳ! ስለ ኩራዝ፣ ስለ ታኒካ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮ ስለምትሠራ የልጆች መኪና። «የቅርስ ተማሪ ሆኖ ጣሳ ይለቅማል እንዴ?» ልትሉ እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ የዶርም ጓደኞቼ ቀድመዋችኋል። እንዲያውም ስሜን ትተው «ቆራሌው» ነው የሚሉኝ። በአልጋዬ ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ እስከ አሁን 31 ዕቃዎች አሉ፤ 9 ኩራዝ፣ 6 መኪና፣ የቀሩት ጣሳና ክዳን ምናምን ናቸው።

አቋሜ ይኸውላችሁ፦ እነዚህ ነገሮች ቅርስ ናቸው፤ የትምህርት ክፍላችንም እነሱን መሰብሰብ መጀመር ያለበት ዘንድሮ ነው። ከርሞ ብንል አናገኛቸውም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። «ቆርቆሮ» ስንል ሦስት ነገር እንቀላቅላለን። አንደኛው የቤት ክዳን ነው፤ እሱ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ሁለተኛው የጣሳው ቆርቆሮ ነው፤ እሱ ደግሞ በጣም ስስ ብረት ሆኖ ላዩ ላይ ሌላ ብረት ለብሷል። ሦስተኛው ይኸው የተለበሰው፣ በኬሚስትሪ ክፍል ቆርቆሮ ብለን የተማርነው ንጥረ ነገር ነው። ልዩነቱ የአስተማሪ ነገር ብቻ አይደለም። የቤት ክዳን ሲጫር ዚንኩ ራሱን አስበልቶ ብረቱን ያድናል። ጣሳ ሲጫር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የተጫረው ቦታ ጭራሽ ምንም ካልተቀባ ብረት በባሰ ፍጥነት ይዝጋል። ስለዚህ የጣሳ ዕቃ በተፈጥሮው ዕድሜው አጭር ነው። ድንጋይ ይጠብቀናል፤ ብራና በደህና ከተያዘ ይጠብቀናል፤ ጣሳ ግን አይጠብቅም።

ምግብን በቆርቆሮ ማሸግ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። ከዚያ በኋላ ጀርመኖች፣ በተለይም የኑረምበርግ ከተማ ሰዎች፣ ከዚሁ ስስ ብረት የልጆች መጫወቻ መሥራትን ትልቅ ኢንዱስትሪ አደረጉት። በብራንደንቡርግ ከተማ ደግሞ በ1881 የተቋቋመው ሌማን የሚባለው ፋብሪካ በሞላ የሚሄዱ አስቂኝ መኪናዎችና አሻንጉሊቶችን ለዓለም ሸጠ። መጀመሪያ ላይ ቀለሙ በእጅ ይቀባ ነበር። በኋላ ግን ቆርቆሮው ገና ጠፍጣፋ ሳለ ሥዕሉ ይታተምበታል፤ ከዚያ በመቁረጫ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ በአንዱ በኩል ያለችው ምላስ በሌላው ቀዳዳ ገብታ ትቆለመማለች። ብየዳ የለ፣ ሙጫ የለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፦ ኦፍሴት የምንለው የኅትመት ዘዴ መጀመሪያ የተፈለሰፈው ለወረቀት አልነበረም። ሮበርት ባርክሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1875 መብቱን ያስመዘገበው በቆርቆሮ ላይ ለማተም ነው። ወረቀት ላይ የመጣው ወደ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። መጽሐፍና ጋዜጣ የምናትምበት ጥበብ የጣሳ ባለውለታ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሰው አገር ወሬ ነው ካላችሁኝ አልከራከርም። እኔም የጀርመን መጫወቻ ሰብስቡ አላልኩም። አንድ የጃፓን ታሪክ ግን በቀጥታ ወደ እኛ ስለሚያመጣኝ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1945 ጃፓን በጦርነት ተሸንፋ ከተሞቿ ተቃጥለው ነበር። ለመጫወቻ የሚሆን ቆርቆሮ ይቅርና የሚበላም አልነበረም። ማትሱዞ ኮሱጌ የሚባል የመጫወቻ ሠሪ ኦትሱ በምትባል ከተማ ነበር። የአሜሪካ ጦር ገብቶ ሰፍሯል፤ ወታደሮቹ በልተው የሚጥሉት የምግብና የመጠጥ ጣሳ ተከምሯል። ኮሱጌ ያንን ጣሳ እየሰበሰበ፣ እያጠበ፣ እየዘረጋ በመንገድ ላይ የሚያያትን የወታደር ጂፕ በትንሹ ሠራት። ርዝመቷ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የምትሄደውም በላስቲክ ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኪዮቶ ውስጥ ለሽያጭ ቀረበችና ሰው ተሻማባት። የጃፓን መጫወቻ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የቆመው ከዚህች ጂፕ ተነሥቶ ነው ይባላል። በ1947 መጫወቻ ወደ ውጭ መላክ ሲፈቀድላቸው «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ እየታተመበት ወጣ። ጽሑፉ እስከ 1952 ዘለቀ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ያችን አጭር ጽሑፍ ፍለጋ መጫወቻውን ገልብጠው ያያሉ፤ ምክንያቱም ዕቃው በየትኞቹ ዓመታት መካከል እንደተሠራ ቁልጭ አድርጋ ትናገራለች። ከዚያ ፕላስቲክ መጣና በ1960ዎቹ ቆርቆሮውን ገፋው። ቴሩሂሳ ኪታሃራ የሚባል ሰው የተገፋውን ሰብስቦ በ1986 ዮኮሃማ ላይ ሙዚየም ከፈተለት። ጀርመኖቹም በኑረምበርግ የመጫወቻ ሙዚየም የከፈቱት በ1971 ነው። ሁሉም የደረሱት ፋብሪካው ሊያልቅለት ወይም አልቆለት ሳለ ነው።

እንግዲህ ወደ ካርቶኔ እንመለስ። ከስድስቱ መኪናዎች አንዷን ወሎ ውስጥ ከአንዲት የገጠር ከተማ ቅዳሜ ገበያ ላይ ያገኘሁት የጭነት መኪና ናት። አፍንጫዋ ረዥም ነው፤ የዱሮዎቹን ትሬንታ ኳትሮ የምንላቸውን ትመስላለች። ጎማዎቿ ቆርኪ ናቸው፤ ሁለት ሁለቱ ተገጣጥመው በሽቦ ተወግተዋል። አካሏ ከአራት ሊትር የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው። የሠራት ሰው የታተመበትን ገጽ ወደ ውስጥ፣ የሚያብረቀርቀውን ወደ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ ከላይ ስታይዋት ብር የመሰለች መኪና ናት። ገልብጣችሁ ሆዷን ስታዩ ግን ሰማያዊና ቀይ ቀለም፣ የዩ.ኤስ.ኤ. ፊደላትና «አይሸጥም፣ አይለወጥም» የሚል መልእክት ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቁራጭ ታገኛላችሁ። እኔ ደግሞ በብር ገዛኋት!

በዚህች መኪና ሆድ ውስጥ ስንት ታሪክ እንዳለ እስቲ አስቡት። የ1977 ዓ.ም. ረሀብ አለ፤ ከዚያ በኋላ የተከታተሉት የእርዳታ ዓመታት አሉ። ስንዴና ዘይት ጭኖ አቧራውን እያቦነነ የሚመጣው የጭነት መኪና አለ። ዘይቱ አልቆ ጣሳው እጁ የገባ ልጅ አለ፤ ያ ልጅ ከዘይቱ ጣሳ የሠራው ዘይቱን ያመጣውን መኪና ነው። ኦትሱ ላይ የሆነውና ወሎ ላይ የሆነው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ከአሜሪካ የመጣ ጣሳ፣ አገሬው መንገድ ላይ ያያት መኪና፣ የአንድ ሰው ጣት። ልዩነቱ የኮሱጌ ጂፕ ስሙም ዓመቱም መመዝገቡ፣ የእኛዋ ደግሞ አልጋዬ ሥር መሆኗ ነው። የእርዳታ ድርጅቱ ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. ራሱ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ እንደ ድርጅት ሥራውን አቁሟል። በስሙ የታተመበት ጣሳ ከእንግዲህ አይጨመርም። በሰብሳቢ ቋንቋ «ምርቱ ተቋርጧል» ማለት ነው። እኛ ጋ ግን አሁንም በኪሎ እየተመዘነ ይሸጣል።

የልጆች መኪና ሌላም ጥቅም አለው። ልጅ የሚሠራው ያየውን ነው። ስለዚህ በየዘመኑ መንገድ ላይ ምን ይሄድ እንደነበር በጣሳው ታነባላችሁ፤ አፍንጫማው የጣልያን ሎሪ፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ላዳ ታክሲ፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥበት ውይይት፣ ከዚያም አይሱዙ። ከስድስቱ አንዷ የአይሱዙ ናት፤ የሠራት ልጅ ከፊቷ ላይ በሚስማር ነቁጥ ነቁጥ አድርጎ «አልቃይዳ» ብሎ ጽፎባታል። ሕዝብ ለዚያ መኪና ያወጣለትን ስምና ምክንያቱን የማያውቅ የለም። የትኛው የመዝገብ ቤት ሰነድ ነው ይህንን የሚነግረን?

ኩራዝን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ባልል ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ከእኛ መካከል በኩራዝ ያላጠና ጥቂት ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ወይም የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ክዳኑ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥ ክር፣ ሆዱ ውስጥ ነጭ ጋዝ። በቃ። ሶላር ሲመጣ፣ መብራት ሲገባ ኩራዝ ወዴት ሄደ? አያቴን ባለፈው ክረምት «እማማ፣ ኩራዙን አይጣሉት፣ እኔ እወስደዋለሁ» ብላቸው «ምን ሊሠራልህ ልጄ? እኛ ጭሱ ዓይናችንን ያጠፋው ይበቃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ይህንን ነጥብ ወደኋላ እመለስበታለሁ፤ የክርክሩ ከባዱ ክፍል እሱ ነውና።

አሁን ወደ ሕጉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ ቅርስ ብሎ የተረጎመው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የነበረን ነገር ነው። በ1850 ዓ.ም. ሥልጣን ላይ የነበሩት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በዚህ መለኪያ ጣሳ ቀርቶ ባቡርም አያልፍም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ግን ሰፋ አድርጎታል፤ የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊ፣ ሥነ ጥበባዊና የእደ ጥበብ ዋጋ ያለውን ያካትታል። እደ ጥበብ የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሕጉ አልከለከለንም፤ የከለከለን ልማዳችን ነው።

ልማዱ ደግሞ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ብረት የሚነካ እጅ ሲናቅ የኖረበት አገር ነው። ቀጥቃጩ ጠይብ ተብሎ፣ ቡዳ ተብሎ ተገልሏል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ስር የሰደደ ቢሆን ነው። መስቀሉን ሙዚየም አስገብተን የሠሪውን ስም ያልጻፍነው ለምንድን ነው? ዛሬስ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ አይታችኋል? በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፣ ታኒካው ተዘርግቶ አክንባሎ ይሆናል፣ የመኪና ፍርስራሽ በር ይሆናል። ጆሮ የሚያደነቁር ኳኳታ ነው። የተራው ስም ራሱ «ምን አለሽ?» የሚል ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉ። ያ ጥያቄ ለእኛም ይሠራል፤ ምን አለን?

ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ በክፍል ውይይት ላይም ተነሥቶብኛል። «የድህነታችንን ማስታወሻ ለምን በመስታወት ውስጥ እናስቀምጣለን? ፈረንጅ እንዲያዝንልን ነው?» የሚል። ቀላል ተቃውሞ አይደለም። አያቴም ያሉት በሌላ አነጋገር ይህንኑ ነው። ኩራዝን እንደ ቆንጆ ነገር አድርጎ የሚያሳይ ሰው በኩራዝ ጭስ ያላሳለ ሰው ነው። የእኔ መልስ ግን እንዲህ ነው፦ እኛ ባንሰበስበው ማስታወሻው ይጠፋል እንጂ ድህነቱ አልነበረም አይባልም። የሚጠፋው ድህነቱን በጣቱ የታገለው ሰው ብልሃት ብቻ ነው። ስለ ረሀቡ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹም ሌላ ሰው መጥቶ ያነሣቸው ናቸው። ያቺን የጭነት መኪና ግን የሠራት የዚያው አገር ልጅ ነው። በፎቶው ላይ ልጁ እጁን ዘርግቶ ይታያል፤ በመኪናዋ ላይ ግን ልጁ ሲሠራ ነው የምናየው። ሁለቱን አብራችሁ ካላስቀመጣችሁ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ኩራዙንም ሳስቀምጥ ጥላሸቱን ሳልጠርግ፣ አያቴ ስለ ዓይናቸው ያሉትን ከጎኑ ጽፌ ነው። ማሳመር አልፈልግም።

ስለ ጥላሸት ካነሣሁ አይቀር፣ ሰብሳቢ ለመሆን የሚፈልግ ካለ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገረው። በአመድ አትሹት! በአሸዋም፣ በሽቦም አትሹት። እኛ ቤት ያደግን ሁሉ ዕቃ ማለት ታሽቶ ሲያብለጨልጭ ነው። አንድ የዶርም ልጅ በቅን ልቦና አንዱን ጣሳዬን በአመድ አሽቶ ስጦታ አደረገልኝ፤ ላዩ ላይ የነበረው ኅትመት እንዳለ ሄዷል። ኅትመቱ ከሄደ ጣሳው ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደዋለ የሚናገር የለም። ውሃም አይሆንም፤ ከላይ እንዳልኩት ጭረት ካለው ዝገቱን መጥራት ነው። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሣትና እርጥበት በሌለበት ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል። ቀለም ቀብቶ ማደስ ደግሞ የባሰ ነው፤ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ እንደገና የተቀባ መጫወቻ ዋጋው ይወድቃል። የተጣመመውንም አታቃኑ። የእህል መለኪያ የነበረ አንድ ጣሳ አለኝ፤ ቂጡ ወደ ውስጥ ተደቁሷል። ለምን እንደተደቆሰ ገበያ የሚሄድ ሁሉ ያውቃል። እሱን አቃንቼ ባስቀምጠው የነጋዴዋን ብልጠት ደመሰስኩት ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ዕቃውን ያለ ታሪኩ አለመውሰድ ነው። ማን ሠራው? በምን መሣሪያ? ጣሳው ከማን ቤት የመጣ ነው? ስንት ዓመት አገለገለ? ይህ ካልተጻፈ እኛም ከቆራሌው አንሻልም። እሱ እንኳን ገንዘብ ይከፍላል! ደግሞም ልጅ እየተጫወተባት ያለችውን መኪና በብር አታልሎ መቀበል ነውር ነው። ልጁ ሁለተኛ ሠርቶ ይሽጥልን፣ ወይም ጥሏት ሲሄድ እንውሰድ። ስሙንም እንጻፍለት።

ቆራሌውን ስወቅስ የሰማኝ እንዳይኖር። «ቆርቆሮ ያለው!» ብሎ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው፣ ጥሪው በአፉ ላይ ተሸራርፎ «ቆራሌው» የሆነው፣ ከእኛ ሁሉ የበለጠ የዕቃ ዕውቀት አለው። ማዳበሪያውን ዘርግፎ እንዲያሳየኝ የለመንኩት አንድ ቆራሌ የትኛው ጣሳ ከየትኛው ዘመን እንደሆነ በክዳኑ አከፋፈት ብቻ ነገረኝ፤ በቁልፍ የሚጠቀለለውን፣ በመክፈቻ የሚቀደደውን፣ በቀለበት የሚሳበውን ለይቶ። ይህንን የትኛው የትምህርት ክፍል ነው የሚያስተምረው? እኔ የምለው ተራ ተራ እንጋራ ነው፤ ከመቶ ጣሳ 99ኙን እሱ ይውሰድ፣ አንዱን ለእኛ ይተውልን። ዋጋውን ደግሞ እሱ ከሚያገኝበት ጨምረን እንክፈለው። አሁን ባለው ሁኔታ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ እሳት ነው።

ሙዚየም ይከፈትልን አላልኩም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ኤግዚቢሽኑን በሰው ልጅ ዕድሜ ቅደም ተከተል፣ ከልጅነት እስከ ሞት ሲያዘጋጀው ትልቅ ትምህርት ሰጥቶናል፦ ልጅነትም በሙዚየም ቦታ እንዳለው። እኛ ደግሞ በአቅማችን የምንጀምረው ከመደርደሪያ ነው። በትምህርት ክፍላችን ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ የቆየ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን አለ፤ ለሁለት ዓመት ባዶውን ሲቆም አይቼዋለሁ። ጸሐፊዋን እትዬ ብዬ ቁልፉን ጠይቄ ነበር፤ «ኃላፊው ከፈቀዱ እኔ ምን ቸገረኝ» ብለውኛል። ማመልከቻ ጽፌአለሁ፤ 14 ተማሪዎች ፈርመውበታል። ካርዱንም አዘጋጅቻለሁ፤ የዕቃው ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ የሠራው ሰው፣ ጣሳው በፊት ምን እንደነበረ፣ የሰጪው ቃል።

ለበዓል ወደየቤታችሁ የምትሄዱ እንግዲህ እግረ መንገዳችሁን ቆጡንና ጓዳውን እዩልኝ። በተለይ የምፈልገው ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ወይም የተቀረጸበት ማንኛውም ጣሳ፣ በቁልፍ የሚከፈት የሰርዲን ቆርቆሮ ከነቁልፉ፣ የላዳ ታክሲ መኪናና ከእርዳታ ዘይት ጣሳ የተሠራ ማንኛውም ነገር ነው። ኩራዝ የምታመጡ ጋዙን ደፍታችሁ፣ ክሩን ግን ሳታወጡ አምጡ፤ በአውቶቡስ ስትመጡም ከእንጀራው ጋር አንድ ላይ አትክተቱት።